ተጨማሪ መረጃ፦ ፋክተር 8ን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል

ቢላ ጣታችሁን ሲቆርጠው ደሙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚቆመው በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ተራ በተራ እየተነቃቁ ስለሚያረጉት ነው። ከእነዚህ አንዱ ፋክተር 8 ነው፤ ሲያንስ ወይም ሳይሠራ ሲቀር ሄሞፊሊያ ኤ የተባለው ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ ይከሰታል።

ይህን ፕሮቲን ማግኘት ቀላል አይደለም። በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ 70 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ የፋክተር 8 ድርሻ ግን የአንድ ሚሊ ግራም አምስት ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው! ስለዚህ ተመራማሪዎች የሰውን ፋክተር 8 አይጥ ወይም ጥንቸል ይወጋሉ። የእንስሳው ሰውነት ባዕድ ነገር እንደገባበት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ ይህም ፋክተር 8ን ከሌሎቹ ለይቶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያለማቋረጥ የሚያመርቱ ሕዋሳትን ፈጠሩ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ኤላይዛ በተባለው ምርመራ ፀረ እንግዳ አካሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይለጠፋል። ፕላዝማ ይጨመርበታል፤ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም የተያያዘበት ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይከተላል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ፕሮቲኑ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በምትገኘው ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የከብቶችንና የበጎችን በሽታ ሲመረምር በዚሁ በኤላይዛ ይጠቀማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ምርመራ የሚነግረን የፕሮቲኑን መጠን እንጂ ሥራውን አይደለም። አንዳንድ የሄሞፊሊያ ሕሙማን ፋክተር 8 በበቂ መጠን አላቸው፤ ቅርጹ ስለተበላሸ ግን ደም ማርጋት አይችልም። ለዚህም ነው ሐኪሞች ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ጭምር የሚለኩት።