የመኪና ኤሲ፦ ከመለዋወጫው በፊት ምርመራው

ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም «ጋዝ አልቋል፤ ይሞላ» የሚለው ምክር በየጋራዡ የተለመደ ነው። ጋዙ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ መስመር ውስጥ ከኮምፕሬሰር ወደ ኮንደንሰር፣ ከዚያም በመኪናው ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ እየዞረ ይመለሳል። በብዙ ዓመት ጥቂት መቀነሱ ያለ ነው። በየበጋው መሙላት ካስፈለገ ግን የሚሾልክበት ቦታ አለ ማለት ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ብዙ ጊዜ የቱቦ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ቦታውን ያጋልጣል። ጥፋተኛዋ አንዲት ያረጀች የጎማ ቀለበት ልትሆን ትችላለች።

ኮምፕሬሰሩ ራሱ ተበልቶ ከቆመም እሱን ብቻ መቀየር አይበቃም። የብረት ፍርፋሪው መስመሩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ካልታጠበ አዲሱንም ይበላዋል፤ ቀጫጭን ቱቦ ያለው ኮንደንሰር ደግሞ ታጥቦ ስለማይጠራ አብሮ ይቀየራል። እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያም አዲስ መሆን አለበት፤ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል። «ይህ ወጪ ማብዛት ነው፤ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ይገኛል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የቆየና በእጅ ሲያዞሩት የማይንቋቋ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ሊሠራ ይችላል። ማድረቂያ ግን አየር ላይ ከተከፈተ እርጥበት ጠግቧልና ያገለገለ አይገዛም። የተቆጠበው ገንዘብ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ሲያስገዛ ቁጠባነቱ ይቀራል። ስለዚህ ለዕቃ ከመክፈልዎ በፊት መካኒክዎ ጋዙ የሚሾልክበትን ቦታ ወይም የተበላውን ዕቃ በዓይንዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።