የምድር ፍጻሜ፣ የጠፈር መንኩራኩርና የመንዝ ጓሳ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በሳይንስ ግኝት ወይም ግምት ላይ ተመሥርቶ ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ የሚተርክ የሥነ ጽሑፍና የፊልም ዘርፍ ሲሆን፣ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የምድር መጥፋትና የሰው ልጅ ስደት ነው። ፊሊፕ ዋይሊና ኤድዊን ባልመር እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ልብ ወለድ ከምድር ጋር ሊላተም የመጣ ፕላኔት ጥቂት ምርጦችን በመንኩራኩር ያሰድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ በበቃው «ኢንተርስቴላር» ፊልም ደግሞ ስንዴውን በበሽታ የተነጠቀውና በቆሎ ብቻ የቀረለት ዓለም ሌላ መኖሪያ ፍለጋ ወደ ጠፈር ይመለከታል።

ኢትዮጵያም ለዚህ ዘርፍ መቼት ሆናለች። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው «ክራምብስ» በተሰኘው የአማርኛ ፊልም፣ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ከጥፋት በኋላ በተራቆተ ምድር ይኖራል፤ በሰማይ ለረጅም ዘመን ቆሞ የነበረ መንኩራኩር የመንቃት ምልክት ሲያሳይ፣ ራሱን የሌላ ዓለም ፍጡር አድርጎ ስለሚቆጥር ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ይጀምራል። ከጠፋው ሥልጣኔ የተረፉት የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን የሙዚቃ ሸክላ በዚያ ዓለም እንደ ቅርስ ይከበራሉ።

ሽሽቱ በስሌት ሲመዘን ግን እጅግ ከባድ ነው። የማርስ የአየር ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በመሆኑ፣ በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትበረው መንኩራኩር ቮየጀር 1 ያን ያህል ለመጓዝ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ደራስያን ለዚህ መላ ያሉት «የትውልድ መርከብ» ሰዎች ተወልደው፣ አርጅተውና ሞተው የልጅ ልጆቻቸው ብቻ የሚደርሱበት መንኩራኩር ነው። በውስጡ አየሩ፣ ውኃውና እህሉ የወል ስለሆነ፣ ከሞተሩ ይልቅ የሚከብደው ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ይጠቀም የሚለው ሕግ ነው።

ይህን ጥያቄ የመንዝ ሕዝብ በጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲመልሰው ኖሯል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጠው ይህ ደጋ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር፣ የግጦሽ መሬትንና የወንዞችን መነሻ ምንጮች ይዟል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ቄሮ በተባለው ሥርዓት መሠረት አስቦና ጌራ ከተባሉት ቀደምት አባቶች የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ባለርስቶች ቦታውን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ ካገገመ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይከፍቱት ነበር፤ ክልከላውን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ እንከን አልባ አልነበረም፤ መብቱ በትውልድ ሐረግ ይሰጥ ስለነበር ከሐረጉ ውጭ የሆነው ደጅ ይቀር ነበር። ማን ይሣፈር የሚለው የልብ ወለዱ ክርክርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓትን ሲያስቀር ቄሮም ፈረሰ፤ ጓሳም ለልቅ አጠቃቀም ተጋለጠ። ይሁን እንጂ ሣሩና ምንጩ ጨርሰው ስላልጠፉ፣ ነዋሪዎቹ በኋላ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መልሰው ማቋቋም ችለዋል። ምድር ለተሳሳተ ሕግ የምትሰጠውን እንዲህ ያለ የማገገሚያ ጊዜ፣ አየሩ በአንድ ቀፎ ውስጥ የታጠረበት መንኩራኩር ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ ስደተኞቹ ከመሣፈራቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባው ጥበብ፣ በወጉ ቢሠራበት ኖሮ ስደቱን አላስፈላጊ ባደረገው ነበር።