ቺንጋው ተቀይሮ ሞተሩ እምቢ ሲል… አትግፉት!

መቼም የኮልፌ ቀራንዮን ልጆች ደግነት ያየ ያውቀዋል። መኪና አልነሳ ካለ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ እነሱ ከኋላ ይደረደራሉ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ነው። ከዓለም ባንክ እስከ አጠና ተራ ቁልቁለት ማለት የነፃ ሞተሪኖ ነው።

ባትሪ ለደከመበት መኪና ይኼ ጽድቅ ነው። ትናንት ግቢ ውስጥ ታይሚንግ ቤልቱ፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት፣ ለተቀየረለት የናፍጣ ሞተር ግን ግፊያው ሊገድለው ይችላል።

ለምን? የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሳም። አየሩን አጥብቆ አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ለዚህ እመቃ ሲባል በፒስተኑ አናትና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ሁለቱ እንዳይጋጩ ተራ የሚያስጠብቃቸው ያ ጥርሳም ጎማ ነው። ተራው ከተዛባ ቫልቭ ይጣመማል፣ ፒስተን ይመታል። ከዚያ በኋላ ወሬው የቺንጋ ሳይሆን ሞተር የማውረድ ይሆናል።

በቅርቡ ያማከረኝ አንድ ወጣት ሾፌር ለጥቂት ነው የተረፈው። ሚኒባሷ በእናቱ ዕቁብና ታላቅ እህቱ ዓረብ አገር ባፈሰሰችው ላብ የተገዛች ናት። ከጓደኛው ጋር ሆኖ ቺንጋውን ቀየረ፤ ሞተሩ እምቢ አለ። የሰፈር ልጆች ለመግፋት ሲሰለፉ እህቱ ፊት ለፊት ቆመች። «አንተ ልጅ፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሪኖውም ያዞራል። ታዲያ ግፊያው ምን ሊጨምርልህ ነው?» አለችው። ሰው ፊት ተናገረችኝ ብሎ አኮረፈ እንጂ አልገፋም። ክዳኑ ሲከፈት የናፍጣ ፖምፓው በአንድ ጥርስ ዘግይቶ ተገኘ። የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ አለፈ። ስህተቱ ካም ሻፍቱ ላይ ሆኖ ቢሆንስ? ሳይከፈት ማን ያውቃል!

እንግዲህ እናንተም ብትገጥማችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ።

በመጀመሪያ ቁልፉን ከመኪናው አውጡ፣ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። የቺንጋውን ክዳን ከፍታችሁ በክራንክ ሻፍቱ ቡሎን ላይ ረጅም መፍቻ አግቡና ሞተሩን በእጅ፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ሁለት የምለው ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ነው። የታመቀ አየር ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን ገፋ ያደርገዋል፣ ቆይቶ ግን ይለቃል። ድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ ብረት ብረትን ነክቷል ማለት ነውና ጉልበት አትጨምሩ፤ እዚያው ላይ አቁሙ።

ሁለት ዙር ሲሞላ ምልክቶቹን እዩ። በብዙ ሃይኤስና ሃይሉክስ መኪኖች ላይ ያሉት የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ካም ሻፍቱንና ፖምፓውን በአንድ ቺንጋ ነው የሚያዞሩት። ስለዚህ የክራንኩ፣ የካሙና የፖምፓው ሦስት ምልክቶች በአንድ ጊዜ መገጠም አለባቸው። ሁለቱ ገጥመው አንዱ «ትንሽ ነው» ከተባለ፣ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ቺንጋው እንደገና ይፈታል።

ምልክቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ሳይነሳ ከቀረ ወደ ቀላሉ ሂዱ። በሥራው መሀል ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ተነቅላ ቀርታ ይሆናል። ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን ሳታስነሱ ብትከፍቱና ሽቦዋን ብትነኳት «ጠቅ» ማለት አለባት። ቀጥሎ አየር ነው። የናፍጣ መስመር ተፈትቶ ከነበረ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ እስኪጠነክር ጫኑ። ከፖምፓው የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ የሚበሳ ግፊት ስላለው እጅም ፊትም አታስጠጉ። በመጨረሻ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይታዩ።

ተነስቶ ነጭ ጭስ እያትጎለጎለ ጉልበት ካጣ ፖምፓው ዘግይቶ ይሆናል። እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ካሰማ ቀድሞ ይሆናል። ሞተሪኖው ያለ ወትሮው ምት፣ በፍጥነትና በቀላሉ የሚያዞር ከሆነ ደግሞ እመቃው ጠፍቷል፤ ቫልቭ ሳይጣመም አልቀረም። ይኼኔ እልህ ይቅር፤ እመቃ የሚለካ መካኒክ ይጠራ። ጭሱን በተዘጋ ግቢ ውስጥ አትተንፍሱት።

ሁሉም አልቆ ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋዋ መብራት ብትበራስ? አትደንግጡ። በብዙዎቹ ቶዮታዎች 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የምትበራ ናት፤ ኪሎ ሜትር ትቆጥራለች እንጂ ቺንጋውን አታይም። ከዳሽቦርዱ ቆጣሪ በኩል እስክትመለስ ድረስ አትጠፋም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ ሞተር ዋጋው ሌላ ሆኗል። ታዲያ ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት። የሚቀጥለው ሰው፣ ምናልባትም እናንተው፣ ያመሰግናችኋል። ቸር ይግጠመን!