በጉንዳኗ ላይ ከመፍረዳችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በግቢያችን የማናውቃት ጉንዳን ስትታይ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ነጭ ጋዝና ክብሪት ነው። ይሁንና አላህ (ሱ.ወ) ካወረዳቸው ሱራዎች 27ኛው የሚጠራው በጉንዳን ስም ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይገደሉ ከከለከሏቸው አራት ፍጥረታት አንዷ ጉንዳን መሆኗን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሰሓቦች የጉንዳን ሰፈር አቃጥለው ባዩ ጊዜም፣ በእሳት መቅጣት የሚገባው ለእሳት ጌታ ብቻ እንደሆነ አስተምረዋል። ጎጂዋን ያለ እሳት ማስወገድን ግን ዑለሞች ፈቅደዋል። እንግዲህ ጎጂዋን ከማትጎዳዋ መለየት ያስፈልገናል ማለት ነው።

እስካሁን የተመዘገቡት የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው። ሁሉንም ማወቅ ባንችልም ምልክቶችን ማየት እንችላለን። በመጀመሪያ ጉንዳን መሆኗን እናረጋግጥ። የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፤ አንቴናዋም እንደ ክርን የታጠፈ ነው። የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ክንፍ ካላቸው የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ሲሆኑ፣ የጉንዳን ግን የፊተኞቹ ይረዝማሉ።

ቀጥሎ አካሄዷን እንይ። ገብረ ጉንዳን በብዙ ሺህ ሆኖ በሰልፍ ይጓዛል፤ የታሰረች ዶሮ እንኳ ይገድላል። ሕፃናትንና ዶሮዎችን ከመንገዱ እናርቅ፤ ሰልፉ ያልፋል።

በሳዑዲ ዓረቢያና በኤሚሬቶች የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ «ሳምሱም» የምትባለውን እወቋት። ጥቁር ናት፤ ቁመቷ የስንዴ ፍሬ ያህላል፤ በወገቧ ላይ አንድ ጉብታ አላት። በቧንቧ ዙሪያና በንጣፍ ስንጥቅ፣ እርጥበት ባለበት ትኖራለች። የምትናደፈው በጅራቷ ነው። ብዙው ሰው ሕመሙ ያልፍለታል፤ ሰውነቱ ለመርዟ የሚቆጣበት ሰው ግን ሕይወቱ እስከማለፍ ሊደርስ ይችላል። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ሆስፒታል እንሩጥ። ጉንዳኗን ሳንነካ ከሳንቲም አጠገብ በሞባይል ፎቶ ብናነሳት መጠኗን ለባለሙያ ማሳየት እንችላለን።

ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት እየመሩ ሳለ የአንዲት ጉንዳን ንግግር ሰምተው ፈገግ አሉ፤ ጌታቸውንም ለማመስገን ዱዓ አደረጉ። እኛም ከመርገጣችን በፊት የምናስተውል ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።