ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ መኪና

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አለመነሳት ማለት ቁልፍ ሲከፈት ሞተሪኖው ሞተሩን በተለመደው ፍጥነት እያዞረው፣ ሞተሩ ግን በራሱ ኃይል መሥራት የማይጀምርበት ብልሽት ነው። ምንም ድምፅ የሌለበት ወይም «ቀጭ» ብቻ የሚልበት ብልሽት ከዚህ ይለያል፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ወይም የሞተሪኖ ችግር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የቆዩ የቤንዚን መኪናዎችን በትክክል መርምሮ መጠገን ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ምክንያቶች

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ከአየር ጋር በልክ የተደባለቀ ቤንዚን፣ የካንዴላ እሳት፣ በቂ ኮምፕሬሽን እና የሁሉም በትክክለኛው ጊዜ መገናኘት። ኢንጀክተር ባለው መኪና ቤንዚኑንና እሳቱን የሚያዘው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ የሞተሩን መዞር የሚነግረው ሴንሰር ከተበላሸ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ዕቃ ከመለወጥ በፊት የጎደለው ነገር ይለያል።

1. በቅድሚያ የቤንዚን መኖር፣ ፊውዞች እና የሌባ መከላከያው መብራት ይታያሉ።
2. ካንዴላ ተፈትቶ እሳት መስጠቱ ይፈተሻል። እሳት ከሌለ ቦቢና፣ ስፒንተሮጀኖ እና ሴንሰሩ ይመረመራሉ።
3. እሳት ካለ የነዳጅ ፓምፑ ይደመጣል። በብዙ መኪናዎች ቁልፉ እንደተከፈተ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ድምፅ ብቻውን በቂ ማስረጃ ስላልሆነ ግፊቱ በጌጅ ይለካል።
4. ካንዴላዎቹ በቤንዚን ከራሱ ሞተሩ ታፍኗል። በብዙ መኪናዎች ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማስነሳት የሚረጨውን ቤንዚን ያስቆማል።
5. ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎ በፍጥነት ከዞረ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

በቆዩ ቶዮታዎች በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ነጥቦች ሲገናኙ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት ብልሽቱን በብልጭታ ቁጥር ያሳያል። 12 ቁጥር የሞተሩ መዞር ምልክት አለመድረሱን፣ 22 ቁጥር የውሃ ሙቀት ሴንሰር ችግርን ያመለክታል።

ከፍታና ብርድ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩ እና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ በመሆኑ ኮምፕሬሽንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በመመሪያው 12 ባር የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር ወደ 9 ባር ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ባለቤቱን ለማያስፈልግ ከፍተኛ ወጪ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የሲሊንደሮቹ ውጤት እርስ በርስ ይነጻጸራል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሳት ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሞተሩ እንደሞቀ አድርጎ በስህተት ካሳወቀ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይቀንሳል። መኪናው ቀን እየተነሳ በማለዳ ብርድ ብቻ እምቢ ካለ ይህ ሴንሰር ቀድሞ ይመረመራል።

ጥንቃቄ

የነዳጅ መስመር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊት ይይዛል፤ ሳይተነፍስ አይፈታም። የእሳት ፍተሻም የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት አይደረግም። ሞተሪኖውን ያለ ዕረፍት ደጋግሞ ማዞር ባትሪውን ያደክማል፣ ሞተሪኖውንም ሊያቃጥል ይችላል።