ሩቅያና ሕክምና፦ የመስቃን ተሞክሮ ለኢማሞች የሚያስተምረው



በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ከመላሾቹ 65 በመቶው ጸሎትን ተመራጭ ፈውስ አድርገው እንደጠቀሱ፣ 75 በመቶው ደግሞ የመገለል ስሜት እንዳደረባቸው አሳይቷል። እንግዲህ የተጨነቀ ቤተሰብ የኢማሙን በር ያንኳኳል ማለት ነው። በዚያ በር ላይ የሚነገረው ቃል በሽተኛውን ወደ ሕክምና ሊያደርሰው ወይም ከሕክምና ሊያርቀው ይችላል።

መስቃን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመስቃንና ማረቆ የጤና ጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በኋላም ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል።

ዱዓንና ሕክምናን ማጣመር ከምዕራብ የመጣ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። በ322 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ድርሳናቸው የአካልንና የነፍስን ጤና አጣምረው አስተምረዋል። ምክንያቱ የታወቀውን ሐዘን በበጎ ሐሳብና በወዳጅ ምክር፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ከአካል የሚመነጨውን ደግሞ በአካል ሕክምና መርዳት እንደሚገባ ለይተዋል። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ንድፈ ሐሳብ ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉ አስጠንቅቀዋል።

በእኛ ዘንድ ያለው የዱዓ ስብስብ፣ የሽማግሌ ምክርና ምርቃት፣ የእድር አብሮነት ብቸኛውን ሰው ወደ ወገኑ ይመልሰዋል። የንግግር ሕክምና በበኩሉ ያለ ፍርድ ማዳመጥን፣ ጎጂ ሐሳብን መመርመርን፣ ከባዱን ችግር ከፋፍሎ መፍታትን ያስተምራል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ አንድ ልዩነት ግን አላቸው። ስብስቡ በሰው ፊት ነው፤ ሕክምናው ምስጢር ይጠብቃል። ስለዚህ ኢማሙ በግል የሰማውን በጀማዓ ፊት ለዱዓ ማስነገር የለበትም።

የጫት ነገርም ሊዘለል አይገባም። በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ግማሾቹ ጫት እንደሚቅሙ፣ ከቃሚዎቹም 80 በመቶው ለጸሎት ትኩረት እንደሚጠቀሙበት ገልጿል። እንቅልፍ የሚነሳው ጫት ግን የታወከ አእምሮን ሊያባብስ ይችላል። በዒባዳ ስም የመጣውን ልማድ ለማረም ከኢማም የተሻለ ማን አለ?

ከዚህ በመነሳት ለኢማሞችና ለኡስታዞች የሚከተለው ይመከራል። አንደኛ፣ ሩቅያ በቁርኣንና በዱዓ ይሁን፤ ማሰር፣ መግረፍ፣ ማነቅ በደል ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «አቁም» አይባል። በረመዷንም ሕመምተኛ ከጾም የተፈቀደለትን እፎይታ ማስረዳት፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ደግሞ ከሐኪሙ ጋር እንዲያስተካክል መምከር ይገባል። ሦስተኛ፣ በሽታው የኢማን ድክመት ነው ተብሎ አይፈረድ። አራተኛ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። ወደ ሐኪም የሚልክ ኢማም ተወኩሉ አልጎደለም፤ አማናውን ተወጥቷል። ወላሁ አዕለም።