ጆይ ዳንሎፕ፦ የገጠር መንገድ ሻምፒዮን

የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቴሌቪዥን የምናየውን ሞቶ ጂፒ ነው። ያ ውድድር የሚካሄደው ለእሽቅድድም ተብሎ በተሠራ ሜዳ ላይ ነው፤ ከመስመር ለወጣ ተወዳዳሪ ሰፊ የጠጠር ሜዳና ለስላሳ መከላከያ ተዘጋጅቶለታል። ጆይ ዳንሎፕ ዕድሜውን የሰጠው እሽቅድድም ግን ከዚህ ይለያል። ሕዝብ በየቀኑ የሚመላለስበት የገጠር አስፋልት ለጥቂት ሰዓት ለትራፊክ ይዘጋና ተወዳዳሪዎች ይለቀቁበታል። ግራ ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ የቤት ግድግዳ፣ የስልክ እንጨትና ዛፍ ነው። በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሲከንፍ የተሳሳተ ሰው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

የዚህ ውድድር ዋና ስፍራ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለችው የማን ደሴት ናት። ደሴቲቱ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ብትሆንም የብሪታኒያ አካል አይደለችም፤ የራሷ ፓርላማና የራሷ ሕግ አላት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ብሪታኒያ የመኪና ፍጥነትን በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገድባ በሕዝብ መንገድ መሽቀዳደምን ስትከለክል፣ የማን ፓርላማ መንገዱ ለውድድር እንዲዘጋ ፈቀደ። በ1907 የተጀመረውና በአጭሩ ቲቲ የሚባለው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር የዚህ ፈቃድ ልጅ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1911 ወዲህ የሚታወቀው የተራራው መንገድ አንድ ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከዳግላስ ከተማ ይነሳል፣ በመንደሮች መሃል ያልፋል፣ የስኔፈልን ተራራ ወጥቶ ይወርዳል። ከ200 በላይ ጥምዝ አለው። ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ጉም ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በነባሩ መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን ያህል የሚጓዘው ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሳይደርስ ነው። ዳንሎፕ በ48 ዓመቱ ርቀቱን በ18 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገደማ ጨርሶታል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 199 ኪሎ ሜትር ነበር።

ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት ስለሚለቀቁ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚከተሉት ሰው አይኖርም። ጥምዙ ከካቡ ጀርባ ተደብቋል፤ ከጉብታው ወዲያ ያለው መንገድ አይታይም። ስለዚህ ተወዳዳሪው የሚነዳው ባየው ሳይሆን በሚያስታውሰው ነው። የትኛው ዛፍ ሥር አስፋልቱ ዘግይቶ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ጉብታ ላይ ጎማው ከመሬት እንደሚነሳ፣ የቱ ጋ ጋዙን ሳይቀንስ ማለፍ እንደሚቻል በቃሉ መያዝ አለበት። ይህ እውቀት በዓመታት የሚጠራቀም ነው፤ ዳንሎፕም ለ24 ዓመት ሳይሰለች አጠራቀመው።

የተወለደው የካቲት 25 ቀን 1952 በሰሜን አየርላንድ፣ ባሊመኒ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ነው። በ1969 መወዳደር ሲጀምር ገንዘብም ስፖንሰርም አልነበረውም። ከወንድሙ ከጂም፣ ከእህቱ ባል ከመርቪን ሮቢንሰንና ከጓደኛቸው ከፍራንክ ኬኔዲ ጋር አንድ ቡድን ሆኑ፤ አገሬው በሠፈራቸው ስም የአርሞይ አርማዳ አላቸው። ቡድኑ ግን ብዙ አልቆየም። ኬኔዲ በ1979፣ ሮቢንሰን በ1980፣ ሁለቱም ኖርዝ ዌስት 200 በሚባለው የአገራቸው ውድድር ላይ በደረሰባቸው አደጋ ሞቱ።

ሮቢንሰን በሞተ በሳምንታት ውስጥ ዳንሎፕ በማን ደሴት ከቲቲ ውድድሮች አንዱ ለሆነው ክላሲክ ቲቲ ተሰለፈ። ሞተሩ የግል ያማሃ ነበር፤ ነዳጅ ለመቅዳት የሚጠፋውን ጊዜ ለማሳጠር ከተለመደው በጣም የሚበልጥ ታንክ ተገጥሞለታል። በመንገድ ላይ ታንኩን የያዘው ማሰሪያ ተበጠሰ። ያን ሁሉ ነዳጅ በጉልበቱ እንደጨመቀ ነድቶ የሆንዳ ፋብሪካ ያሰለፈውን ሚክ ግራንትን አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት ሆንዳ ራሱ ቀጠረው፤ እስከ ሕይወቱ መጨረሻም ከሆንዳ ጋር ቆየ።

የዓለም ሻምፒዮንነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቲቲ ለረጅም ዘመን የዓለም ሻምፒዮና አካል ነበር። በ1972 ጣሊያናዊው ተወዳዳሪ ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በተራራው ላይ ሲሞት የአገሩ ልጅ ጃኮሞ አጎስቲኒ ዳግመኛ እዚያ እንደማይወዳደር አስታወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 በኋላ ውድድሩ ከሻምፒዮናው ወጣ፤ ደሴቲቱንም ለመካስ ቲቲ ፎርሙላ አንድ የተባለ አዲስ የዓለም ዋንጫ ተቋቋመ። ዳንሎፕ ይህን ዋንጫ ከ1982 እስከ 1986 በተከታታይ አምስት ጊዜ ወሰደ። ያም ሆኖ የሥራው ትልቁ ክፍል እሱ ነው ብዬ አላምንም። ሰውየውን የሚያሳየው ከዋንጫው በፊትና በኋላ ያለው ነው።

ዳንሎፕ ዝምተኛ ነበር። ጋዜጠኛ ሲቀርበው ይጨንቀው ነበር፤ ሲጋራውን አቀጣጥሎ ሞተሩን ቢፈታ ይመርጣል። የፋብሪካ ተቀጣሪ ከሆነም በኋላ ትንንሾቹን ሞተሮች በገዛ እጁ ይጠግን፣ በራሱ መኪና ጭኖ ይጓዝ ነበር። በባሊመኒ በስሙ የሚጠራ መጠጥ ቤት ነበረው። ቢጫ ሄልሜቱን የሚያውቁት ደጋፊዎቹ ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም ነበሩ። በሰሜን አየርላንድ ቦምብና ጥይት ሁለቱን ወገኖች በለያየበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1985 ወደ ደሴቲቱ ሲሻገር የተሳፈረበት ጀልባ ሰጠመ። ከባሕር ተርፎ በወጣበት በዚያው ወር ገደማ ሦስት የቲቲ ውድድሮችን አሸነፈ። በ1988ም ሦስት ደገመ። በ1989 የፀደይ ወራት ግን እንግሊዝ ውስጥ ብራንድስ ሃች ሜዳ ላይ ክፉኛ ተጎዳና የዚያ ዓመት ቲቲ አመለጠው። ሲመለስ በትላልቆቹ ሞተሮች የቀድሞው ኃይል አልነበረውም፤ ብዙ ሰውም ዘመኑ እንዳበቃ አመነ። እሱ ወደ 125 ሲሲ ወረደ። በትንሽ ሞተር ላይ ጉልበት ብዙም አይጠቅምም፤ ፍጥነትን ሳያባክኑ ጥምዙን ማለፍ ነው ሁሉም ነገር፣ ያ ደግሞ የእሱ ሙያ ነበር። በ1992 የቀድሞውን ተወዳዳሪ የማይክ ሄይልውድን የ14 የቲቲ ድል ክብረ ወሰን ተጋራ፣ በ1993 ሰበረው። በ1998 በአገሩ ውድድር ላይ ወድቆ ከግራ እጁ አንድ ጣት አጣ፤ ከሳምንታት በኋላ በዝናብ የ250 ሲሲውን ቲቲ አሸነፈ።

ከዚህ ሁሉ በእኔ ግምት የሚበልጠው የሰኔ 2000 ነው። ዳንሎፕ 48 ዓመቱ ነበር፤ ዋናውን የፎርሙላ አንድ ቲቲ ካሸነፈ 12 ዓመት ሆኖታል። ሆንዳ አዲሱን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሩን ሰጠው። ተፎካካሪው ዴቪድ ጄፈሪስ ከእሱ 20 ዓመት ያህል የሚያንስ ጉልበተኛ ወጣት ነበር። የጄፈሪስ ሞተር ተበላሽቶ ከውድድሩ ሲወጣ ዳንሎፕ አሸነፈ፤ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከወጣቱ እኩል ሲታገል ነበር። በዚያው ሳምንት 250 እና 125 ሲሲዎቹን ጨመረ፤ ድሉም 26 ደረሰ። በመጨረሻው ውድድር ሦስተኛ ሲወጣ የሕይወቱን ፈጣን ዙር ነዳ። ከላይ የጠቀስኩት የ18 ደቂቃ ዙር ያ ነው።

የሞተር ማጓጓዣ መኪናው ሌላም ሥራ ነበረው። የሩማንያ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ሁኔታ ለዓለም ከተገለጠ በኋላ ዳንሎፕ ምግብና ልብስ ጭኖ ብቻውን አውሮፓን እያቋረጠ ያደርስ ነበር። ወደ ቦስኒያና አልባኒያም ሄዷል። ጋዜጠኛ አላስከተለም። በ1986 ለስፖርቱ አገልግሎት ከእንግሊዝ ዘውድ ኒሻን ተቀብሎ ነበር፤ በ1996 ሁለተኛውና የሚበልጠው የተሰጠው ግን ለዚህ በጎ ሥራው ነው።

ከ2000ው ቲቲ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2000፣ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን በጫካ መሃል በሚያልፍ መንገድ ላይ ተወዳደረ። ሁለቱን ትላልቅ ውድድሮች አሸንፎ ነበር። የ125 ሲሲውን በዝናብ እየመራ ሳለ ሞተሩ ከቁጥጥሩ ወጣና ከዛፍ ጋር ተላተመ፤ እዚያው ሞተ። ወደ 50 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ባሊመኒ ወጥቶ ቀበረው።

ይህን እሽቅድድም እያደነቁ ሂሳቡን መደበቅ ግን ተገቢ አይመስለኝም። በማን ደሴት መንገድ ላይ ብቻ እስካሁን ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። የዳንሎፕ ቤተሰብም ድርሻውን ከፍሏል፤ ወንድሙ ሮበርት በ2008፣ የወንድሙ ልጅ ዊልያም በ2018 በመንገድ ውድድር አለፉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሐዘኑ ግን የቀረው ለሚስትና ለልጅ ነው።

የ26ቱ ድል ክብረ ወሰን 24 ዓመት ቆይቶ በሰኔ 2024 ተሰበረ። የሰበረው የሮበርት ልጅ ማይክል ዳንሎፕ ነው፤ በ2025 ቁጥሩን 33 አድርሶታል። በ48 ዓመቱ በአንድ ሳምንት ሦስት የሞተር ብስክሌት ቲቲ ያሸነፈ ግን እስካሁን ከጆይ በቀር የለም።